ከኅዳር ሚካኤል ወዲያ

ልጄ ምሕረት በሐምሌ መጨረሻ ደውላ «እማየ፣ አንቺንና አባየን ባሕር ዳር አምጥቼ ላሳርፋችሁ ነው» ካለችኝ ቀን ጀምሮ እኔ ሰቆጣ የለሁም። አካሌ አለ፤ ውኃ ይቀዳል፣ ፍየል ያስገባል፣ ገበያ ወርዶ ማር ይሸጣል። ልቤ ግን ሄዷል።

ያን ቀን ስልኩን ድምፁን ከፍተን ስለነበር ባሌ ካሤ ከመደቡ ላይ ሆኖ ሰማ።

«ባሕር ዳር ምን አላት?» አለ።

«ከተማዋን አይደለም አባየ» አለች ምሕረት። «የባሕሩን ዳር ነው የምለው። እኔ ያለሁበትን ደሴት።»

«ደሴንማ አምና ለፓስፖርት ሄደን አየናት» አለ።

ምሕረት ከዚያ ማዶ እስኪያስነጥሳት ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እሱ የቀለደ ሰው አይመስልም፤ ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ንቦቹ ወጣ።

ደሴቷ ሴንት ሉሲያ ትባላለች። ካሪቢያን የሚባል ባሕር ውስጥ ያለች፣ በአንድ ቀን በመኪና ተዙራ የምታልቅ ትንሽ አገር ናት። ስሟ የቅድስት ስም ነው ብላ ምሕረት ስትነግረኝ ልቤ ትንሽ ረጋ። ቄስ ወልደ ጻድቅን ሄጄ ጠየቅኋቸው። «ሉሲያ የምትባል ቅድስት እኔ አላነበብሁም፤ ያላነበብሁት ግን ብዙ ነው» አሉኝ። መልሱ በቃኝ። ከዚያ ወዲህ በልቤ ሳነሣት «ቅድስት» ነው የምላት።

ምሕረት ከወጣች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ቤሩት ሰው ቤት ገባች። አሠሪዎቿ ደሴቷ ላይ ሆቴል ከፍተው ሲሄዱ እሷንም ይዘዋት ሄዱ። አንሶላ አጣቢ ሆና ጀምራ አሁን የአጣቢዎቹ አለቃ ናት። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ልጄን ያየሁት መልክ በሚያሳየው በጎረቤታችን በዓይናዲስ ስልክ ላይ ነው። ምሕረት ስልኳን ስትይዘው ደግሞ ግንባሯን ብቻ ነው የምታሳየኝ። «ዝቅ አድርጊው፣ አፍሽን ልየው» እላታለሁ፤ ዝቅ ስታደርገው አንገቷ ይመጣል። እሷ ወደዚህ እንዳትመጣ ወረቀቷ ገና ስላላለቀ ከደሴቷ ከወጣች መመለሻ የላትም። ስለዚህ የዓመት ዕረፍቷን ሁለት ሳምንት ስትወስድ እኛ ልንሄድ ተባባልን። ሆቴሉ አንድ ክፍል ሊለቅልን፣ ቪዛውንም እነሱ ሊጨርሱልን ተስማሙ። የቀረው ቀኑ ብቻ ነበር።

«እማየ፣ መቼ ልቁረጥ?» ትለኛለች በደወለች ቁጥር። ትኬቱን ማለቷ ነው። የዕረፍቷን ቀን እስከ ጥቅምት አሥር ካላሳወቀች ተራው ለሌላ ሠራተኛ ይሰጣል። ስንቆይ ደግሞ የትኬቱ ዋጋ በየሳምንቱ ሽቅብ ነው።

መልሱ ያለው ካሤ ጋር ነው። ካሤ ማር ቆራጭ ነው። ከራሱ ቀፎዎች ሌላ ከእኛ መንደር እስከ ጋዝጊብላ ድረስ የሰው ቀፎ ሁሉ የሚቆረጠው እሱ ተጠርቶ ነው። ቀፎውን በጣቱ ሁለት ጊዜ ያንኳኳል፣ ጆሮውን ይለጥፋል፣ ያሸታል። «አልደረሰም» ካለ አልደረሰም። ቀድመው የቆረጡት ማር ውኃ ነው፤ ውሎ ሳያድር ይኮመጥጣል። ያዘገዩትን ደግሞ ንቦቹ ራሳቸው ይበሉታል። በዚህ ሥራ ተሳስቶ አያውቅም። ከንቦቹ ጋር የሚያወራው በአገሩ ቋንቋ በኻምጣኛ ነው፤ ከእኔ ጋር የሚጣላው በአማርኛ።

ከማር ውጭ ግን ቀን መቁረጥ የማይሆንለት ሰው ነው። ሠርጋችንን ሦስት ጊዜ አስተላልፎታል። በአራተኛው አባቴ «ወይ ውሰዳት ወይ ተዋት» ብለው ሽማግሌ ላኩበት። ያን ጊዜም ያመካኘው በማር ነበር። እኔ ደግሞ ጅል ነኝ፤ ጠበቅሁት።

ምሕረት ከሰኔ እስከ ኅዳር አጋማሽ ደሴቷ ላይ ጣራ የሚነቅል ነፋስ እንደሚነሣ ነገረችን።

«እንግዲያው ታኅሣሥ ይሁን» አልሁት።

«ታኅሣሥ አውድማ ነው።»

«ጥር ይሁና?»

«ለጥምቀት ሰው ወደ አገሩ ይገባል።»

«የካቲትስ?»

«ጾም ገብቶ በባዕድ አገር?»

«ከፋሲካ በኋላስ፣ አንተ ሰውየ?»

«ለፋሲካ ያልደረሰ ሰው ለዳግማይ ትንሣኤ ይመጣል። ቤት ተዘግቶ ይቆየዋል ወይ?»

እንዲህ እያለ ዓመቱን ከሁለት ጫፍ ዘጋው። ሰው ይላል እሱ። ሰው ማለት ጌታሁን ነው።

ጌታሁን የምሕረት ታናሽ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት፣ በሃያ አንድ ዓመቱ፣ እህቱን አይቶ በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ወጣ። በአውሮፕላን የሚሄድበት ወረቀት አልነበረውም፤ በጀልባ ነው። ዓይናዲስ በዚያው ዳርቻ ተራዋን ስትጠብቅ ነበር። እሱ በፊተኛዋ ጀልባ ገባ፣ እሷ በኋለኛዋ። የእሷ ደረሰች። የፊተኛዋን ያያት የለም። ዓይናዲስ ከሳዑዲ ተይዛ ስትመለስ ይህን መጥታ ነገረችን። እኔ መሬት ላይ ወደቅሁ። ካሤ «ያላየሽውን አትናገሪ» ብሏት ወጣ። አስከሬን የለ፣ መርዶ የለ፣ ተዝካር የለ። ልጄ እንደሞተ እኔ አውቃለሁ፤ እያወቅሁ እኖራለሁ። ካሤ ግን ይመጣል ይላል። በጦርነቱ ጊዜ መንደሩ ሁሉ ከብቱን እየነዳ ሲሸሽ «ልጁ መጥቶ ባዶ ቤት ያገኛል» ብሎ ከደጃፉ አልነቃነቅም አለ። በዚያ ነገር የተቆጣሁት ቁጣ እስካሁን አልበረደልኝም።

እንግዲህ እኔ ባሕር የማልመው በእንዲህ ዓይነት ቤት ተቀምጬ ነው።

በነሐሴ ጠዋት ከቤታችን በላይ ካለው ገደል አፍ የቆመ ሰው ሸለቆውን አያየውም። ጉሙ ሞልቶት ተኝቷል። የደሃና ተራሮች ጫፍ ጫፋቸው ብቻ ይቀራል፤ እያንዳንዱ ጫፍ ደሴት ነው። ፍየሎቹን እለቅና ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። ከጫፎቹ አንዷን፣ ጠፍጠፍ ያለችዋን፣ እመርጥና «ይቺ ቅድስት ናት» እላለሁ። ምሕረት እዚያ ላይ አንሶላ ታሰጣለች። ከአንዱ ዛፍ እስከ ሌላው የተወጠረ ረጅም ገመድ ነው፤ አንሶላው ነጭ ነው፤ ነፋሱ ሲመታው ይነፋል፣ መልሶ ይሟሽሻል። እኔ ጫማዬን በእጄ ይዤ በጉሙ ላይ እራመዳለሁ። እግሬ አይሰምጥም፣ አይርስም። ስደርስ አንሶላውን ገለጥ አድርጌ ስገባ ሌላ አንሶላ አለ፤ እሱን ስገልጥ ሌላ። ልጄ ከኋላቸው ስትስቅ እሰማታለሁ። አልቸኩልም። ሕልሙ የራሴ ነው፤ የፈለግሁትን ያህል አንሶላ እገልጣለሁ።

አንዳንዴ ዓይኔን ስጨፍን ከጉሙ ሥር ድምፅ ይመጣል። ወንዝ ነው፤ ክረምቱ ሞልቶት ነው። ግን «ባሕርም እንዲህ ይሆናል የሚለው» እያልሁ አዳምጠዋለሁ። አንድ ቀን ዓይናዲስን ጠየቅኋት።

«ባሕር ምን ይመስላል?»

የምትለቅመውን ምስር አቁማ አሰበች።

«ይተነፍሳል፣ እትየ» አለችኝ። ወደ ምስሯ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ ባሕሬ መተንፈስ ጀመረ። ጉሙ ከፍ ሲል ሳበ እላለሁ፣ ዝቅ ሲል አስወጣ እላለሁ። እንዲህ ስል ደግሞ ሳልጠራው ጌታሁን ይመጣብኛል። ውኃው መካከል እስከ ወገቡ ቆሟል፤ ልብሱ ደረቅ ነው። አይጠራኝም፤ የሚያውቀኝ አይመስልም። ያን ጊዜ ዓይኔን ገልጬ ፍየሎቹን እቆጥራለሁ። አንዱን ባሕር ተመኝቼ ሌላው እንዳይመጣብኝ ለማድረግ ብዙ ሞከርሁ። አልሆነልኝም።

መስከረም ገብቶ አደይ ፈነዳ። ካሤ ከቀፎ ወደ ቀፎ ሲያንኳኳ ይውላል። እኔ ከኋላ ከኋላው እየሄድሁ «መቼ ልትቆርጥ ነው?» እለዋለሁ። «አልደረሰም» ይለኛል። ማሩን ይሁን ትኬቱን አላውቅም፤ እሱም ያወቀ አይመስለኝም። አንድ ቀን ነዘነዝሁትና «ምሕረት እኮ ልጅህ ናት፤ ወይስ የምትወደው ያልመጣውን ብቻ ነው?» አልሁት። ንቡን የሚያርቅበትን ጭስ ወደ እኔ መለሰብኝ። እያሳለኝ ወረድሁ።

ጥቅምት ስምንት ገበያ ነበር፤ ሰቆጣ ወርጃለሁ። በማለዳ ስወጣ «ሁለት ቀን ነው የቀራት፤ ከደወለች አንድ ቀን ንገራት» ብዬው ነበር። «እሺ» ብሎኛል። የእሱን እሺ ሠላሳ ስምንት ዓመት አውቀዋለሁ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን የነገረኝ ማር ሲቆርጥ የሚያግዘው ጎረቤታችን መንግሥቴ ነው። ጀንበር ስታዘቀዝቅ የታችኞቹን ቀፎዎች ሊቆርጡ ገቡ። ካሤ ፊቱን በነጠላ ሸፍኖ ጭሱን ይዟል። የጋራ ስልካችን ደረት ኪሱ ውስጥ ጮኸ። እጁ ማር ስለሆነ መንግሥቴ አወጣና ተጭኖ፣ ድምፁን ከፍቶ፣ እዚያው ኪሱ መለሰለት።

ምሕረት ናት። ንቡ ይጮኻል፤ መስመሩም ይሄዳል ይመጣል።

«አባየ፣ እንደምን ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ካሤ፣ ዓይኑ ቀፎው ላይ ነው።

መንግሥቴ የቀፎውን ክዳን አንሥቶ ቢላዋውን ደግኖ «ጋሼ፣ ልቁረጥ ወይ?» አለ። ምሕረትም በዚያችው ቅጽበት ከኪሱ ውስጥ «አባየ፣ ልቁረጥ ወይ? ቀኑ እኮ አለቀብኝ!» አለች። ካሤ የሰማው አንዱን ነው።

«ደርሷል! ይቆረጥ! ከዚህ በላይ ምን ይጠበቃል?»

«የላይኞቹስ?» አለ መንግሥቴ።

«እነሱ ከኅዳር ሚካኤል ወዲያ።»

«ከኅዳር ሚካኤል ወዲያ!» አለች ምሕረት። ድምፅዋ ተሰባበረ፤ መንግሥቴ መስመሩ መስሎት ነበር። «እግዜር ዕድሜ ይስጥልኝ አባየ! ዕድሜ ይስጥልኝ!»

ካሤ ማሩ በመድረሱ የተመረቀ መስሎት «አሜን» አለ። ስልኩ ተዘጋ።

በማግስቱ ጠዋት ዓይናዲስ ስልኳን ከራሷ በላይ ይዛ እየሮጠች መጣች። «እትየ ባንቺ! ተቆርጧል! ሁለት ትኬት! ኅዳር ሃያ ሁለት ከላሊበላ!» እልልታዬን ማዶ ያሉት ሰምተው ማን ወለደ ብለው ጠየቁ። ካሤ ደጅ ላይ ቢላዋውን በሙቅ ውኃ ሲያጥብ ነበር። ሮጬ ግንባሩን ሳምሁት።

«ምን ሆነሻል?»

«ቆረጥህ አይደል! አንተ ሰውየ፣ በመጨረሻ ቆረጥህ!»

«ትናንት የዘጠኝ ቀፎ ቆረጥሁ። ምን አዲስ ነገር አለው?»

ነገሩ መጀመሪያ የገባው መንግሥቴ ነው። አፉን ያዘ፤ ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጦ ከኪሱ የሰማውን፣ እሱ ያለውን፣ ካሤ የመለሰውን አንድ በአንድ ነገረን። ዓይናዲስ ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ እንዲያ ሆዴን ይዤ ከሳቅሁ ስንት ዓመቴ! ካሤ ብቻ አልሳቀም። ቢላዋውን አድርቆ ሰገባው ውስጥ ከተተ።

«ይመለስ» አለ።

«ይሄ ትኬት አይመለስም፣ ጋሼ» አለች ዓይናዲስ። «ዕረፍቷንም በእሱ አስመዝግባለች።»

«እንግዲያው እሷ ትሂድ።»

እሷ ያለው እኔን ነው።

ከዚያ በኋላ ተኳረፍን። እሱ ቀፎው ጋር ይውላል፣ እኔ ገደሉ አፍ። በጥቅምት ጉም የለም። ሸለቆው እስከ ሥሩ ይታያል፤ ቢጫ ማሽላ፣ ደረቅ ድንጋይ፣ የቀጠነ ወንዝ። ደሴቶቼ ተመልሰው ተራራ ሆኑ። ባሕሩን ከልቤ አፍልቄ መሳል ነበረብኝ፤ መጣም። ከአውሮፕላኑ መስኮት ሳየው ሰማያዊ ሆኖ ተዘርግቷል፤ ከአጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ምግብ የምታሳልፈው ልጅ «የማን ነው?» ትለኛለች። «የባሌ ነው፤ ቤት እየጠበቀ ነው» እላታለሁ። «ማንን?» ስትለኝ ወደ መስኮቱ እዞራለሁ። ይህን ሕልም ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጠርሁም።

ብቻዬን መሄድ እችል ነበር። ልጄን ማየት ለእኔ ከምንም በላይ ነው። ግን ምሕረት በደጁ ሆና ከመኪናው ሁለት ሰው ሲወርድ ስትጠብቅ አንድ ብቻ ስወርድ ፊቷን አሰብሁት። አሥራ አንድ ዓመት ግንባሯን ብቻ አይቼ፣ ሙሉ ፊቷን በዚያ ቀን እንዲህ ሆኖ ላየው ነው።

ኅዳር ሚካኤል ዋለ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መንገድ ላይ ያዝሁት።

«ብቻዬን አልሄድም» አልሁት።

«ሂጂ። እኔ እቆያለሁ።»

«ምን ልትሠራ?»

«ጌታሁን መጥቶ በሩ ተቆልፎ ቢያገኘውስ?»

«መንግሥቴ ማታ ማታ እየመጣ ያድርበታል። በሩ አይቆለፍም።»

«መንግሥቴ አባቱ አይደለም።»

ያን ጊዜ ነው ሁሉም የወጣው። ሰው ከፊት ከኋላ ይሄዳል፤ አላፈርሁም። «ጌታሁን ሞቷል! ሰባት ዓመቱ ነው! የሞተውን ስትጠብቅ ያለችዋ ታርጅብህ? እኔስ? እኔ ልጅ አልወለድሁም? ቁረጥ እንግዲህ! ማር ብቻ ነው ወይ የምትቆርጠው? ተስፋህን ቁረጥ!» አልሁት።

ቆመ።

«እኔ ማር ቆራጭ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ደርሶ ያላየሁትን አልቆርጥም።»

ብቻውን ወደ ቀፎዎቹ ዳገቱን ወጣ። ከኋላው ሳየው ትከሻው ጠቦ ታየኝ። ክፉ ተናግሬአለሁ፤ እውነት ስለሆነ ክፋቱ አልቀነሰልኝም። ያን ቀን ምሳ አልበላም፣ እኔም አልበላሁም።

ከሦስት ቀን በኋላ ምሕረት ደወለች። ዓይናዲስ ነግራታለች መሰለኝ፣ ድምፅዋ ፈራ ተባ ይላል። የአየሩን ሁኔታ ነገረችኝ፣ ነፋሱ ማለፉን፣ ክፍላችን መስኮቱ ወደ ውኃው መሆኑን። ካሤ ከመደቡ ተነሣና እጁን ዘረጋ። ስልክ በራሱ ጠይቆ ሲቀበለኝ ያን ቀን አየሁ።

«ምሕረት።»

«አቤት አባየ።»

«ያንቺ ባሕርና የወንድምሽ ባሕር ይገናኛሉ?»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ልቀበለው ስል ትንፋሽዋን ሰማሁ።

«ይገናኛሉ አባየ» አለች። «የባሕር ውኃ ሁሉ አንድ ነው። አንዱ ካንዱ ይደርሳል።»

«ከዳሩ መቅረብ ይቻላል?»

«እግርዎን እስኪነካዎት ድረስ።»

«እሺ» አለ። ስልኩን መለሰልኝ። ወደ ጓዳ ገብቶ የክት ልብሱን ይዞ ወጣና ጭኔ ላይ አስቀመጠው። «ይቺን እጠቢልኝ» አለ።

ልብሱን ይዤ ወንዝ ወረድሁ። ሳጥበው ውኃው የት እንደሚሄድ አሰብሁ። ከዚህ ወደ ተከዜ ይገባል ይላሉ፤ ከተከዜ ወዲያ አላውቅም፤ ግን አንድ ቦታ ባሕር ይኖራል። አንሶላዎቹ፣ ጉሙ፣ የደሃና ጫፎች፣ ሁሉም ተመልሰው መጡልኝ። ጌታሁንም መጣ። ዓይኔን አልገለጥሁም፤ እስከ ወገቡ ውኃው ውስጥ ቆሞ የአባቱን ልብስ ሳጥብ ያየኛል። በሰባት ዓመት ውስጥ እንዲያ ቀልሎኝ አያውቅም። ጎረቤት ሁሉ የተጣላሁትን የባሌን ልብስ እያጠብሁ ሳንጎራጉር ሰምቶ አበደች ብሎ ይሆናል።

ካሤ የላይኞቹን ቀፎዎች በሁለት ቀን ቆረጠ። ነጭ ማር ነው፣ የላይኛው።

የምንወጣበት ጠዋት መኪናው ከታች መንገዱ ላይ ሊመጣልን ተነጋግረናል፤ መንግሥቴ ሻንጣውን ይዞ ወርዷል። ካሤ መደቡ ላይ ተቀምጦ ማሩን ክዳን ባላቸው ሁለት እቃዎች ሲሞላ አገኘሁት። ሻንጣ ውስጥ ተጠቅልሎ ከገባ ይሄዳል ብላዋለች ዓይናዲስ። ለዚሁ የራሱን ከረጢት ከሻንጣው ለይቶ እቤት አስቀርቷል።

«ሁለት ምን ያደርጋል?» አልሁት። «ምሕረት ብቻዋን ይህን ሁሉ ትጨርሳለች?»

«አንዱ የእሷ ነው።»

«ሌላውስ?»

«ለባሕሩ» አለ፣ ቀና ሳይል።

ወሬ ለመለወጥ ብዬ «መንግሥቴን ነግሬዋለሁ፤ በሩ ሳይቆለፍ ይቆያል» አልሁት።

«ይቆለፍ» አለ።

አንድ ትልቅ ቁራጭ ማር ሳይጨመቅ እንዳለ አንሥቶ በሁለተኛው እቃ ውስጥ አስቀመጠ። ጣቶቹን ላሰ። «ከነሰፈፉ ነው ያደረግሁለት» አለ። «ጌታሁን ማር ከነሰፈፉ ይወድ ነበር።»

ነበር አለ። ሰባት ዓመት ሙሉ ጌታሁን ይወዳል፣ ጌታሁን ይለብሳል፣ ጌታሁን ሲስቅ እንዲህ ነው ሲል የኖረ ሰው ነው። እሱ እንዲህ ባለ ቁጥር «ነበር በል!» እያልሁ ስቆጣ የኖርሁት እኔ ነኝ። አሁን ሲለው ሊቀለኝ ይገባ ነበር። የበሩን መቃን ያዝሁ።

«ነበር አትበል!» ብዬ ጮህሁበት።

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ደግሞ ገርሞታል።

«አንቺ አይደለሽ ወይ...» ብሎ ጀመረና ተወው።

እኔ ነኝ። ሞቷል እያልሁ በድፍረት የኖርሁት ግን ከአጠገቤ ይመጣል የሚል ሰው ስለነበረ ነው ለካ። የእኔንም ድርሻ እሱ ሲጠብቅልኝ ኖሯል፤ ይህን አላወቅሁም። አጠገቡ ተቀመጥሁና ራሴን ትከሻው ላይ ጣልሁ። ማር ማር ይሸታል። እጁ ማር ስለሆነ አላቀፈኝም፣ አገጩን ብቻ ጸጉሬ ላይ አሳረፈ።

ከታች መኪናው ጥሩምባውን ነፋ። ካሤ ተነሥቶ እጁን ታጠበ፣ ሁለቱን እቃዎች ከረጢቱ ውስጥ አስተካክሎ ያዘ፣ ቁልፉን ለእኔ መደቡ ላይ ተወልኝና ቀድሞ ወጣ።

«ቆልፊ!» አለኝ ከደጅ።

«እሺ» አልሁት።

ቁልፉን እዚያው መደቡ ላይ እንዳለ ተውሁት። በሩን ገርበብ አድርጌ ተከተልሁት።